ትምህርት ቤት እንደ እቁብ ይመረጥ

ዘንድሮ የምንመረቅ ተማሪዎች በተገናኘን ቁጥር ከሰላምታ ቀጥሎ የምንጠያየቀው አንድ ነገር ብቻ ሆኗል፤ ይኸውም «ለኤም.ቢ.ኤ. የት ልትመዘገብ ነው?» የሚል ነው። ጥያቄው «ትመዘገባለህ ወይ?» እንዳልሆነ ልብ በሉልኝ። መመዝገቡ ያለቀለት ነገር መስሎ የቀረው የትምህርት ቤቱን ስም መምረጥ ብቻ ሆኗል። እኔም እንደ ባልንጀሮቼ በዚሁ አሳብ ተይዤ ሦስት ወር ከርሜአለሁና የደረስሁበትን ለጋዜጣችን አንባቢዎች ላቅርብ።

ስሙ በዓለም የገነነ ትምህርት ቤት የተቀበለው ሰው ምክሬን አይሻም፤ ገንዘቡ ከተገኘለት ይሂድ፤ መንገዱን ያቅናለት። ያለ ፈቃድ የሚያስተምር ቤት የገጠመውም ሰው ምክር አያሻውም፤ ይሽሽ። የሚያስቸግረው የመካከለኞቹ ነገር ነው። አብዛኞቻችንም የምንመርጠው ከእነዚሁ ነው። የሚያስተምሩት ተመሳሳይ ነው፤ ሒሳብ አያያዝ፣ ፋይናንስ፣ ገበያ ጥናት፣ የሠራተኛ አስተዳደር፣ በመጨረሻም የመመረቂያ ጽሑፍ። ክፍያቸውም በጣም አይራራቅም። ታዲያ በምን ይለዩ?

ብዙዎቻችን «በስም» እንላለን። የደረጃ ሠንጠረዥ ግን የቅርብ ጊዜ ፈጠራ ነው። በአሜሪካ የዳርትመዝ ኮሌጅ የንግድ አመራር ትምህርት ቤት የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1900 ነው፤ ሐርቫርድ የኤም.ቢ.ኤ. ትምህርት የጀመረው በ1908 ነው። «ቢዝነስ ዊክ» የተባለው መጽሔት ትምህርት ቤቶቹን በተርታ ማውጣት የጀመረው ግን በ1988፣ የለንደኑ «ፋይናንሺያል ታይምስ» ደግሞ በ1999 ነው። ይህ ጋዜጣ ከፍ ያለ ነጥብ ከሚሰጥባቸው ነገሮች አንዱ ምሩቃኑ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሚያገኙት ደመወዝ ነው። እንግዲህ ተማሪው ምን ያህል እንደ ተማረ ሳይሆን ምን ያህል እንደ ተከፈለው ይመዘናል ማለት ነው።

ከዚህም የባሰ አለ። በፊላደልፊያ የሚገኘው የቴምፕል ዩኒቨርሲቲ የንግድ ትምህርት ቤት በርቀት በሚሰጠው ኤም.ቢ.ኤ. እስከ 2018 ድረስ በተከታታይ አራት ዓመት አንደኛ ተብሎ ነበር። በኋላ ለደረጃ አውጪው የተላከው መረጃ ሐሰት ሆኖ ተገኘና ዲኑ በ2021 በፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተብለው በ2022 የ14 ወር እስራት ተፈረደባቸው። አንደኛው እንዲህ ከሆነ በሠላሳኛውና በአርባኛው መካከል ያለው ልዩነት ምን ያህል ሊታመን ነው? እዚህ አዲስ አበባ ውስጥማ ሠንጠረዡንም ትተን በወሬ ነው የምንመርጠው።

እኔም በወሬ መርጬ ነበር። ያዳነችኝ እናቴ ናት። እናቴ በሰፈራችን ገበያ በርበሬና ቅመም ትነግዳለች። ዘንድሮ እቁብ ደርሷታል። ገንዘቡ የሚያፈስሰውን የሱቋን ጣሪያ ሊያስጠግናት ታስቦ ነበር፤ እርሷ ግን «ለትምህርትህ ይሁን» አለችኝ። የሁለት ትምህርት ቤቶችን ወረቀት ይዤ ቀረብሁ።

«የትኛው ይሻላል?» አለችኝ።

«ስሙ የሚታወቀው ይኼኛው ነው፣ እማዬ» አልኋት።

«ልጄ፣ እኔ እቁብ ስገባ ስሙን አልጠይቅም። ዳኛው ማን ነው? የደረሰው ሰው ገንዘቡን በቀኑ አገኘ ወይ? አብረውኝ የሚጥሉት እነማን ናቸው? ብዬ ነው የምጠይቀው።»

በዚህ ቃል አፈርሁ። አራት ዓመት ሙሉ ፋይናንስ ተምሬ ይህን ሳልጠይቅ ገንዘቧን ልከፍል ነበርና። በማግስቱ ወጥቼ ሦስቱን ጥያቄዎች ይዤ ዞርሁ።

ዳኛው መምህሩ ነው። በሁለቱም ቤቶች አስፈቅጄ የማታ ክፍል ገብቼ ተቀመጥሁ። ስሙ በሚታወቀው ቤት መምህሩ አርባ ደቂቃ አርፍዶ መጣና ግድግዳው ላይ የበራውን ጽሑፍ አንብቦልን ወጣ። ስሙ ብዙ በማይነሣው ቤት ግን መምህርቷ የአንድ ዳቦ ቤት የሒሳብ መዝገብ ይዘው መጥተው «ይህ ሰው ለምን ከሠረ?» ብለው ጠየቁ። ክርክሩ ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆየ።

እቁቡ የደረሰው ምሩቁ ነው። ከየቤቱ አምስት አምስት ምሩቃን ፈልጌ «ከተማርህ በኋላ ሥራህን በምን ለወጥኸው?» አልሁ። አንዳንዶቹ የደረጃ ዕድገት ማግኘታቸውን ብቻ ነገሩኝ። አንዱማ የመመረቂያ ጽሑፉን ርዕስ ማስታወስ አቃተው፤ ማን እንደ ጻፈለት ግን ያስታውስ ነበር።

በዚህ ላይ አራተኛ ጥያቄ እኔ ልጨምር። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ለግል ትምህርት ቤቶች ፈቃድ የሚሰጠው በጅምላ ሳይሆን በየትምህርቱ ዓይነትና በየካምፓሱ ነው። ስለዚህ «ፈቃድ አለን» ሲሏችሁ «ለዚህ ትምህርት፣ በዚህ ግቢ?» ብላችሁ ጠይቁ።

አብረው የሚጥሉት ደግሞ የክፍል ጓደኞች ናቸው። በዚያ የዳቦ ቤት ክርክር ላይ አንዱ የባንክ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ፣ ሌላዋ የመጋዘን ኀላፊ ነበሩ። እያንዳንዱ ከሥራው ያየውን አምጥቶ ይጥላል፤ ከሌላው ያዋጣውን ይዞ ይሄዳል። ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባኝ። እኔ ምን ልጥል ነው? የሠራሁት ሥራ የለኝ፤ ያዘዝሁት ሰው የለኝ። ሳይጥል ሊወስድ የሚመጣን ሰው የትኛው እቁብ ይቀበላል? በካናዳ የማክጊል ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሄንሪ ሚንትዝበርግ እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት መጽሐፍ የተከራከሩት ከዚህ የራቀ አይደለም፤ አስተዳዳሪ በክፍል ውስጥ ከባዶ አይፈጠርም፣ ሥራውን ይዞ የመጣ ግን ይማርበታል ይላሉ።

«ሥራ የት አለና ነው? ቀጣሪውስ ማስተርስ እየጠየቀ አይደለም ወይ?» የሚለኝ ባልንጀራ እንዳለ አውቃለሁ። እውነቱን ነው፤ የሥራ እጦት ቀልድ አይደለም። ነገር ግን ትምህርት ቤትን የዝናብ መጠለያ ያደረገ ሰው ዝናቡ ሳያባራ ገንዘቡ ሊያልቅበት ይችላል። ደግሞም ጊዜው እየተለወጠ ነው። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. የውጭ ባንኮች እንዲገቡ የሚፈቅድ ሕግ ጸደቀ፤ በጥር ወር የአክሲዮን ገበያ ሥራ ጀመረ። የሰው ሒሳብ አንብቦ ጉድለቱን የሚያሳይ ሰው ተፈላጊነቱ እየጨመረ ሲሄድ፣ ወረቀቱን ብቻ የያዘ ሰው መጋለጡ አይቀርም።

መምህሮቻችንንም አንድ ነገር እለምናለሁ። ሊመዘገብ የሚያስብ ተማሪ አንድ ማታ ገብቶ እንዲያዳምጥ በራችሁን ክፈቱ። ጥሩ የሚያስተምር ከዚህ የሚያጣው የለም።

እኔ በበኩሌ ወስኛለሁ። ደመወዙ አነስተኛም ቢሆን ሁለት ወይም ሦስት ዓመት እሠራለሁ፤ ከዚያም የዳቦ ቤቱን መዝገብ ወደሚያመጡት መምህርት ክፍል በራሴ ገንዘብ እሄዳለሁ። ለእናቴ ይህን ስነግራት ዝም ብላ ቆየችና «እንግዲያው ክረምቱ ሳይገባ ቆርቆሮውን እንግዛ» አለችኝ። ቅዳሜ አብረን ሄደን ገዛን።