ባህር ሸሽ የማን ነው?

የጣና ሐይቅ በመስከረምና በጥቅምት ይሞላል፤ ከዚያ እስከ ግንቦትና ሰኔ ቀስ እያለ ይሸሻል። በአንድ ዓመት ውስጥ ከፍታው ከአንድ ሜትር በላይ ይለዋወጣል። እንደ ደምቢያና ፎገራ ባለ ዝርግ ሜዳ ላይ ይህ ብዙ መሬት ያጋልጣል። ገበሬው ባህር ሸሽ ይለዋል፤ ውሃውን እግር በእግር ተከትሎ ሽምብራ ወይም ጓያ ይዘራበታል።

መሬት የጠበበበትን ገበሬ አልወቅስም። የሚያንገበግበኝ መሬቱ ቀድሞ የደንገል (የፓፒረስ) መሆኑን መርሳታችን ነው። ደንገል አገዳው ወደ ላይ ቢመዘዝም ሕይወቱ ያለው ውሃ በጠገበ ጭቃ ውስጥ አግድም በሚሄደው ወፍራም ሥሩ ነው። ሥሩ ከተረፈ ውሃው ሲመለስ ያቆጠቁጣል። ውሃው ርቆት ከቆየ ግን ይደርቃል፤ የደረቀው ይቃጠላል፣ ከብት ይገባበታል፣ በመጨረሻ ይታረሳል። ክረምት ላይ ሐይቁ ሲመለስ የሚጠብቀው ማሳ ብቻ ነው።

በ1988 ዓ.ም. አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ቦታ የጨረጨራ ግድብ ከተሠራ ወዲህ የጣና ከፍታ በዝናብ ብቻ አይወሰንም። በ1995 ዓ.ም. ድርቁና ለኤሌክትሪክ የተለቀቀው ውሃ ተደምረው ሐይቁ ክፉኛ ወረደ፤ መርከቦች ቆሙ፣ የተጋለጠው ዳርቻም ታረሰ። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ ከሐይቁ ውሃ እየወሰደ 460 ሜጋዋት የሚያመነጨው የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ሥራ ጀመረ። መብራቱ ያስፈልገናል። ሆኖም ውሃው መቼና ምን ያህል ይውረድ ሲባል ደንገሉም መቆጠር አለበት።

እምቦጭ የተባለው አረም በዚህ መሐል ተመችቶታል። ተንሳፋፊ ስለሆነ ውሃው ሲወጣም ሲወርድም አብሮ ይሄዳል፤ ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ቆይቶ ዳርቻው ሲገለጥ ይበቅላል። ስለዚህ በየዓመቱ በእጅና በማሽን መንቀል ብቻውን አይበቃም።

የደንገል ጉዳይ የሙያም ጉዳይ ነው። በሐይቁ ዳርቻ የሚኖረው የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ታንኳ ሠሪ ረጅሙንና ወፍራሙን ደንገል መርጦ ያጭዳል፣ ያደርቃል፣ በነዶ በነዶ አጥብቆ ያስራል። ታንኳው ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ ዕድሜው በወራት የሚቆጠር ነው፤ ሌላ መሥራት ግድ ይላል። ደንገሉ ከጠፋ ሙያውም አብሮ ይሄዳል።

እኔ የምለው፣ ደንገል ገና ባለባቸው ዳርቻዎች ላይ የማይታረስ ቀበቶ ከአሁኑ ይከለል። ገበሬው ለሚያጣው ማሳ ካሳ ይከፈለው፤ ደንገሉን በተራ የማጨድ መብትም ከታንኳ ሠሪዎቹ ጋር ይጋራ። የደንገል ችግኝ ተከላም ውሃው ጨርሶ ከመሸሹ በፊት ይሁን፤ የደረቀ ጭቃ ላይ የተተከለ ደንገል አይጸድቅም።