የመንገድ ሐቅ፦ ከጁሙዓ ሰላት በኋላ አስፋልቱ የማን ነው?

አርብ ቀትር ላይ መርካቶ አንዋር መስጂድ ዙሪያ ያለፈ ሰው ጥያቄው ወዲያው ይገባዋል። ሰላቱ አብቅቶ ሰጋጁ ሲወጣ የእግረኛ መንገዱ አይበቃም፤ ሰው ወደ አስፋልቱ ይወርዳል። በዚያው ሰዓት ሚኒባሱም፣ የጭነት መኪናውም፣ ሞተረኛውም፣ ጋሪ ገፊውም ያልፋሉ። ለዒድ ሰላት በስታዲየሙ ዙሪያ ያሉ መንገዶች አስቀድመው ይዘጋሉ፣ ለአሽከርካሪዎችም አማራጭ መንገድ ይነገራቸዋል። በየሳምንቱ የሚመጣው አርብ ግን አብዛኛውን ጊዜ ለየግለሰቡ ጥንቃቄ የተተወ ነው።

ጉዳዩ የሕይወት ጉዳይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2023 ባወጣው ሪፖርት መሠረት በዓለም ላይ በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በትራፊክ አደጋ ይሞታሉ። ከ5 እስከ 29 ዓመት ላሉ ልጆችና ወጣቶች ቀዳሚው የሞት ምክንያትም ይኸው ነው። ከሟቾቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እግረኞች፣ ብስክሌተኞችና ሞተረኞች ናቸው። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ አብዛኛው ሟች እግረኛ ነው።

አደጋ በደረሰ ቁጥር "እግረኛው ያለ ዜብራ ገብቶ ነው" ሲባል እንሰማለን። አንዳንዴ እውነት ነው። ነገር ግን ሰው ለምን እንደሚገባም መጠየቅ አለብን። ቀለበት መንገድ ላይ መሻገሪያ ድልድዩ ሩቅ ሲሆን፣ ዕቃ የተሸከመች እናት ወይም ጉልበት የከዳቸው አዛውንት አጥሩን ለመዝለል ይሞክራሉ። የእግረኛ መንገዱን የቆመ መኪናና የግንባታ አሸዋ ሲይዙት፣ ተማሪው አስፋልት ላይ ከመሄድ ሌላ ምርጫ የለውም።

ሁለተኛው ጉዳይ ፍጥነት ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 14 ሜትር ገደማ ይጓዛል። አሽከርካሪው ሁለት ሰከንድ ስልኩን ቢያይ 28 ሜትር በጭፍን ነዳ ማለት ነው። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ደግሞ ፍሬን ተይዞ መኪናው እስኪቆም የሚሄደው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። ሰው በሚበዛበት ሰፈር፣ በትምህርት ቤትና በመስጂድ አካባቢ ፍጥነት በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር እንዳይበልጥ የሚመከረው ለዚህ ነው።

ብስክሌተኛውም አልተረሳም። በኮሪደር ልማቱ የብስክሌት መስመሮች ተሠርተዋል፤ ይህ ሊመሰገን ይገባል። ሆኖም መስመሩ ላይ መኪና ከቆመበት ወይም ሞተር ከነጎደበት ቀለም ብቻ ሆኖ ይቀራል። ብስክሌተኛውም በበኩሉ እግረኛው መሐል እየገባ ማስደንገጥ የለበትም።

ወደ ራሳችን ስንመለስ፣ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ለመንገድ ሐቁን እንድንሰጥ፣ ሰውን የሚጎዳ ነገርም ከመንገድ እንድናነሳ አስተምረውናል። ታዲያ ሰላት እንዳያመልጠን ብለን መኪናችንን የእግረኛ መንገድ ላይ አቁመን ስንገባ፣ ዓይነ ስውሩን ወደ አስፋልት ገፍተነዋል። በረመዷን ለኢፍጣር ለመድረስ የምንከንፈው ጥድፊያም የዚሁ አካል ነው። ቴምር ይዘው መንገድ ላይ ለሚጠብቁን ወጣቶች ቆም ብለን ብናፈጥር ምንም አይጎድልብንም።

መፍትሔው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የመስጂድ ኮሚቴዎች ከትራፊክ ፖሊስ ጋር ተነጋግረው ከሰላቱ በኋላ ላለው ጥቂት ደቂቃ መንገዱ በተራ እንዲያልፍ ማድረግ ይችላሉ። አንጸባራቂ ሰደርያ የለበሱ በጎ ፈቃደኛ ወጣቶች ሕፃናትንና አረጋውያንን ያሻግሩ። ኢማሞቻችንም ጉዳዩን በኹጥባቸው ያንሱት። ከከተማው አስተዳደር ደግሞ የምንጠይቀው ሰጋጅ በሚበዛባቸው መስጂዶች፣ በአብያተ ክርስቲያናትና በትምህርት ቤቶች ፊት ለፊት ፍጥነት መቀነሻና በግልጽ የሚታይ ዜብራ ነው። ጥቅሙ ለሙስሊሙ ብቻ ሳይሆን በዚያ መንገድ ለሚያልፍ ሁሉ ነው።