ከፍትፍቱ ፊቱ

በጅቡቲ ከተማ የሚኖር ሹም ልዩ ልዩ አገር ሰዎችን በአንድ ገበታ መጋበዙ አይቀርም። ፈረንሳዮች እስከ 1977 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር) ከተማዪቱን ሲገዙ የምግብ ልማዳቸውን አስለምደዋታል፤ ጃፓኖችም በ2011 በአምቡሊ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ የጦር ሠፈር አቋቁመዋል። እንግዲህ ጋባዡ የሁለቱን አገር ወጥ ቤት ያጣመረ ራት ቢያስብ፥ ዋግዩ የተባለው ሥጋና ውስኪ ይታዩታል።

ዋግዩ ማለት «የጃፓን ከብት» ማለት ነው። ስቡ በቀዩ ሥጋ ውስጥ እንደ ጥለት ተሠራጭቶ የሚገኝ ስለ ሆነ፥ ብዙ ጊዜ በስሱ ተቆርጦ ጥቂት እሳት ብቻ ያየዋል። የጃፓን ውስኪም ጥበቡ ከስኮትላንድ የተቀሰመ ሲሆን፥ የያማዛኪ ፋብሪካ ግንባታ በ1923 ተጀመረ። ሁለቱም ዋጋቸው ከባድ ነው።

ነገር ግን የእንግዳ ክብር በዋጋ አይለካም። የጅቡቲ ሕዝብ አብዛኛው ሙስሊም ነው፤ ሃይማኖቱን የሚጠብቅ ሰው መጠጥ አይቀምስም፥ በሥርዓቱ ያልታረደ ሥጋም አይበላም። በፈረንሳዮች ልማድ ወይን ጠጅ የሚገባበት ስጎም ለእርሱ አይሆንም። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ክርስቲያን ደግሞ ረቡዕና ዓርብ ከሥጋ ይጾማል። እንዲህ ያለው እንግዳ አፍሮ ዝም ብሎ ጦሙን ቢያድር፥ የወጣው ገንዘብ ሁሉ ከንቱ ነው።

ስለዚህ ጋባዥ አስቀድሞ «የማይመገቡት ነገር ይኖር ይሆን?» ብሎ በትሕትና ይጠይቅ። ከዋግዩው ጎን በጅቡቲ የታወቀውን፥ ለሁለት ተሰንጥቆ በምድጃ የሚጠበሰውን የየመን ዓሣ ከትኩስ ቂጣ ጋር ያቅርብ፤ ለጿሚው ምስር፥ ለማይጠጣው የሎሚ ውኃ አይጉደል። አበው «ከፍትፍቱ ፊቱ» ያሉት ለዚህ ነው።