የወንጀል ልብወለድን ምን አስቸኮለው?

አንድ የወንጀል ልብወለድ ሲታተም ጀርባው ላይ የማይቀር ሙገሳ አለ፤ «ልብ አንጠልጣይ»። ሻጩም አሳታሚውም አንባቢውም በዚሁ ይመዝኑታል። በመጀመሪያው ገጽ ሬሳ፣ ቀጥሎ ማሳደድ፣ በመጨረሻ ማንም ያልጠረጠረው ገዳይ። ዝግ ብሎ የሚሄድ ከሆነ «ይንዛዛል» ተብሎ ይጣላል። የአማርኛን የወንጀል ልብወለድ ያቀጨጨው ይህ ፍርድ ነው ባይ ነኝ።

የስኮትላንዱን ተመልከቱ። ዊልያም ማኪልቫኒ እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተመው «ሌይድሎው» ገዳዩን ከመነሻው ያሳየናል። የቀረው መጽሐፍ የግላስጎው ከተማ ይህን ሞት እንዴት እንደተቀበለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው የአን ክሊቭስ «ሬቨን ብላክ» ደግሞ ሸትላንድ ደሴት ላይ ነው። አንዲት ልጅ በረዶ ላይ ሞታ ተገኘች፤ መንደሩ ብቻውን የሚኖር አንድ ሽማግሌ ላይ ፈርዶ ጨርሷል። መርማሪው ፔሬዝ ግን አይቸኩልም፤ ቤት ለቤት እየሄደ ያዳምጣል። ሁሉም ሁሉን በሚያውቅበት ቦታ ሰው ምን እንደሚደብቅ የሚታየው በዚያ ዝግታ ውስጥ ነው።

ይህን ሳነብ የሚታየኝ ይጁቤ ነው። ከደብረ ማርቆስ በስተደቡብ፣ ባሶ ሊበን፣ ደጋው ወደ ዓባይ በረሃ የሚያዘቀዝቅበት አገር። በእንዲህ ያለ አገር ሰው በድንበር ጠብ ሲገደል «ማን ገደለው?» የሚለው እንግዳ ብቻ ነው። ገዳዩ በረሃ ወርዷል። የሟች ወንድም ደም የመመለስ ዕዳ አለበት፤ ሽማግሌ ደም ለማድረቅ ይመላለሳል። ምስክሩ ለፖሊስ ቃሉን ሰጥቶ፣ ተነቦለት፣ አውራ ጣቱን አትሟል። ችሎት ቀርቦ ግን «አላየሁም» ይላል። በቃሉና በችሎቱ መካከል ስንት ቀጠሮ አልፏል፤ በዚያ መሀል ማን ቤቱ ገባ? አማቱ? የንስሐ አባቱ? ሚስቱስ ምን አለችው? ልብወለዱ ያለው እዚያ ነው። ልብ አንጠልጣዩ ደራሲ ይህን ሁሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይዘለዋል።

ዝግ ያለ ምርመራ ለእኛ ባዕድ ነው የሚል ካለ አውጫጭኝን ያስታውስ፤ ሸዋ አፈርሳታ ይለዋል። አገሬው ሥራ ፈትቶ አንድ ቦታ ይሰበሰብ ነበር፤ ጥፋተኛው እስኪወጣ አይበተንም። የሚያወጣው ሰው ስሙ አይገለጥም፤ «ወፍ» ነው የሚሉት። ግፍም ነበረበት፤ ካልወጣ ንጹሑም አብሮ ይከፍል ነበር። ጎረቤት ጎረቤቱን እያየ ዝም ብሎ የሚውልበት ያ ቀን ብቻውን መጽሐፍ ይሞላል። ሌባ ሻይስ? ለአንድ ልጅ መድኃኒት ያጠጡትና ይከተሉት ነበር፤ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባል ነበር። ጥያቄ የለ፣ ማስረጃ የለ። ለፍጥነትማ እሱን የሚያህል አልነበረም። የዛሬው ልብ አንጠልጣይ መጽሐፍም አንባቢውን እንዲሁ አስክሮ ያስሮጠዋል፤ ገዳዩ ቤት ሲደርስ በየት በኩል እንደመጣ አንባቢው አያውቅም።

«አንባቢያችን ትዕግሥት የለውም» ይሉናል። እንግዲያው በ1958 ዓ.ም. የታተመውን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ማን አነበበው? ያ ሁሉ ገጽ፣ ያ ሁሉ የጎጃም ሥርዓትና ሙግት፣ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሲተረክ አገር ቁጭ ብሎ ሰምቷል። እንዲያውም ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ ራሳቸው ሌላ ልብወለዳቸውን «ወንጀለኛው ዳኛ» ብለውታል። የጎጃም ልጅ ናቸው፤ ወንጀልና ፍርድ ለትልቅ ድርሰት እንደሚበቃ ያውቁ ነበር።

ስለዚህ ጥያቄዬ ለአርታዒዎች ነው። ቀጣዩ ረቂቅ እጃችሁ ሲገባ፣ መርማሪው ጠላ ቤት ተቀምጦ ወሬው እሱ ሲገባ ለምን እንደተቋረጠ የሚያስብበትን ምዕራፍ አትቁረጡት። ምስክሩ ከቀጠሮ ወደ ቀጠሮ የሚመላለስበትንም ተዉት። ጀርባው ላይ ምን እንደምትጽፉ በኋላ ታስቡበታላችሁ።