ሰውን ያላጠና መምህር ለካፋ ልጅ አይበቃም

የተከበራችሁ የቦንጋ፣ የውሽውሽ፣ የዋቻና የሌሎች የካፋ ከተሞች መራጮች፤

መንግሥት በ2000 ዓ.ም. ሰባ በሠላሳ የሚል ስሌት ይዞ መጣ። ዩኒቨርሲቲ ከሚገቡት ተማሪዎች ሰባ በመቶው ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ሠላሳው ደግሞ ማኅበራዊ ሳይንስና ሰብዓዊ ጥናት እንዲማር ተወሰነ። ሐኪምና መሐንዲስ እንደሚያስፈልገን የሚክድ የለም። ነገር ግን ታሪክ፣ ቋንቋና ሶሲዮሎጂ የትርፍ ወንበር መሙያ ሲደረጉ ጉዳቱ በመምህሩ ላይ ወደቀ። አስቀድሞም በ1996 ዓ.ም. የመምህራን ዲግሪ ከአራት ዓመት ወደ ሦስት ተቆርጦ ነበር። ወዲያው ፕላዝማ ተሰቀለና መምህሩ የቴሌቪዥን ከፋችና ዘጊ ሆነ።

ወደ ቤታችን እንምጣ። የመንጆ ልጅ ክፍል ገብቶ አጠገቡ የሚቀመጥ ጓደኛ የሚያጣበት ትምህርት ቤት ዛሬም አለ። እናቱ እንጨትና ከሰል ተሸክማ ገበያ ታወርዳለች። ከሰሏን የሚገዛት ሞልቷል፤ ከእርሷ ጋር በአንድ ማዕድ የሚቆርስ ግን ጥቂት ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 25 ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ናቸው ይላል። የሕግ ሰው ነኝና አንቀጽ ብቻውን ልጅን ከልጅ አጠገብ እንደማያስቀምጥ አውቃለሁ፤ የሚያስቀምጠው መምህሩ ነው። በካፋ ነገሥታት ዘመን የጎሣ ደረጃ እንዴት እንደ ቆመ፣ ታቶ ጋኪ ሸሮቾ ከተማረኩ በኋላም መገለሉ ለምን እንዳልፈረሰ ያላጠና መምህር ምን ሊያደርግ ይችላል? ወይ ዝም ይላል፣ ወይ «ባህል ነው» ብሎ ያልፋል። ይህን ክፍተት የሒሳብ ቀመር አይሞላውም።

ካድሬዎቹ መምህራንን እናሠለጥናለን ይሉናል። የፓርቲ ፖሊሲ ማስጠናት ማኅበራዊ ሳይንስ አይደለም፤ መምህሩን በአንድ ለአምስት መጠርነፍም የሥነ ዜጋ ትምህርት አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሹን ነጥብ ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። ጥያቄውን አንብቦ ያልተረዳ ተማሪ ፊዚክሱንም አይሠራም።

የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል በኅዳር 2014 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህ «የሐዋሳ ውሳኔ ነው» የሚለው ሰበብ አብቅቷል። የመምህራን ኮሌጅ የክልል ሥራ ነው፤ የቦንጋው ኮሌጅ ደግሞ እዚሁ ደጃችን ነው።

ፓርቲያችን ቢመረጥ ማንኛውም ዕጩ መምህር፣ ኬሚስትሪም ያስተምር ስፖርት፣ የካፋንና የአገሩን ታሪክ፣ የልጆች ሥነ ልቦና፣ ሰብዓዊ መብት፣ እንዲሁም በአማርኛና በካፊ ኖኖ መጻፍን ሳያጠና አይመረቅም። የመንጆ ልጆች በሚማሩባቸው ትምህርት ቤቶች ልምምድ ያደርጋል። ምልመላው በፓርቲ ድጋፍ ደብዳቤ አይሆንም። ገንዘቡ ከየት ይመጣል ለሚለን፣ ለስብሰባ አበልና ለበዓል ባነር ከሚፈሰው እንጀምራለን።

የገዥው ፓርቲ ዕጩ ወደ ቀበሌያችሁ ሲመጣ አንድ ነገር ጠይቁልን፤ ትናንት ኢሕአዴግ፣ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ብልጽግና በተባለው በዚህ ሁሉ ዘመን፣ ያ የመንጆ ልጅ አጠገቡ ማን ተቀመጠ?

የፓርቲው ጸሐፊ