ለወር የተበደሩት ሚሊዮን

ልጅ ወደ አሜሪካ ለትምህርት ሊልክ የተነሳ ቤተሰብ የሚጠይቀው አንድ የተለየ ብድር አለ። ለንግድ ማስፋፊያ አይውልም፣ ለሠርግም አይደለም፤ ተበዳሪው ከገንዘቡ ላይ ሰባራ ሳንቲም አይነካም። ባንክ አስገብቶ ጥቂት ሳምንታት ያቆየዋል፣ ስቴትመንቱን ያሳትማል፣ ከዚያ ከነምስጋናው ይመልሳል። ዩኒቨርሲቲው በላከው አይ-20 በተባለው ቅጽ ላይ የአንድ ዓመት ወጪ በዶላር ሰፍሯል፤ ቤተሰቡም ያን ያህል አቅም እንዳለው ማሳየት ይጠበቅበታል።

ይህን የሚያደርጉ ወላጆች ብዙዎቹ በሌላው ነገራቸው የሰው ሐቅ የማይነኩ ናቸው። ያስጨነቃቸው ሒሳቡ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪውን ተመን ለገበያ ሲለቅ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። የዓመት ወጪው 30,000 ዶላር የሆነ ተማሪ ቤተሰብ ቀድሞ 1.7 ሚሊዮን ብር ገደማ ማሳየት ይበቃው ነበር። ድንገት ከ3 ሚሊዮን በላይ ሆነበት። የአባትየው ደመወዝ ግን ከምንዛሪው ጋር አልሮጠም።

ጭንቀቱ ይገባኛል። ቢሆንም አታድርጉት እላለሁ።

መጀመሪያ ሕጉን እንይ። የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ አንቀጽ 214(ቢ) የተማሪ ቪዛ የሚጠይቅን ሁሉ፣ ተቃራኒውን እስኪያስረዳ ድረስ፣ እዚያው ሊቀር እንዳሰበ ሰው ይቆጥረዋል። ማስረዳት ያለበት አመልካቹ ነው፤ ጊዜው ደግሞ በቆንስላው መስኮት ላይ የሚያልፉት ጥቂት ደቂቃዎች ናቸው። ቤትም ትዳርም የሌለውን የ19 ዓመት ልጅ «እንደምትመለስ አስረዳ» ማለት ከባድ ፍርድ ነው፤ ለባለሀብት ልጅ እንደሚቀልለትም አይካድም። ይሁንና በዚህ አንቀጽ የተከለከለ ተማሪ በሩ አልተዘጋበትም። ይግባኝ የለውም እንጂ የማመልከቻውን 185 ዶላር ከፍሎ እንደገና ማመልከት ይችላል። ሴቪስ የሚባለው የ350 ዶላር ክፍያም፣ በ12 ወር ውስጥ ለዚያው ዓይነት ቪዛ ከተመለሰ፣ ዳግም አይጠየቅም።

ሐሰተኛ ማስረጃ አቅርቦ የተያዘ ሰው ጉዳይ ሌላ ነው። ሆን ብሎ ማሳሳት በዚያው ሕግ ዕድሜ ልክ ሊያስከለክል ይችላል። ዛሬ ለትምህርት የዋሸ ልጅ፣ ከ15 ዓመት በኋላ ለሥራ ወይም እህቱን ሊጠይቅ ሲያመለክት መዝገቡ ይጠብቀዋል። አቅም ማነስ ለዛሬ ያስመልሳል፤ ውሸት ለሁልጊዜ።

«ውሸታሙ አልፎ ሐቀኛው ቀረ» የሚል ወሬ በየሠፈሩ አለ። እውነት የሚሆንበት ጊዜ እንዳለ አልጠራጠርም። የኔ ጥያቄ ግን ያለፈው ልጅ ከዚያ በኋላ ምን ይሆናል ነው። ስቴትመንቱ ላይ የነበረው ገንዘብ ወደ ባለቤቱ ተመልሷል። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ዩኒቨርሲቲው የክፍያ መጠየቂያ ይልካል፤ ጥር ላይ ሌላ። በተማሪ ቪዛ የገባ ሰው በትምህርት ወቅት ሊሠራ የሚችለው ግቢ ውስጥ፣ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ብቻ ነው፤ ከግቢ ውጭ መሥራት በመጀመሪያው ዓመት አይፈቀድለትም። የግቢ ሥራ ምግብና ትራንስፖርት ቢሸፍን ነው፤ የትምህርት ክፍያ አይሞላም። ስለዚህ ልጁ ኮርስ ይቀንሳል፣ ከዚያ ምዝገባው ይቀራል፣ ምዝገባው ሲቀር ሕጋዊ ተማሪነቱም አብሮ ይቀራል። እናቱ አዲስ አበባ ላይ «ልጄ ይማራል» ትላለች፤ እሱ በሰው ስም ሥራ ይፈልጋል። የተበደሩት ሚሊዮን የሸፈነው እንግዲህ ይህን ክፍተት ነበር፤ የሸፈነውም ለአንድ ወር ብቻ ነው።

በዚህ ላይ የቪዛ ጉዳይ እያስፈጸመ ገንዘብ የሚቀበለው ኤጀንት ጉዳይ አለ። ዲኤስ-160 የተባለውን ማመልከቻ እሱ ይሞላል፣ የቃለ መጠይቁን መልስ በወረቀት አዘጋጅቶ ይሰጣል፣ ልጅቷ ሸምድዳ ትሄዳለች። «ለምን ይህን ዩኒቨርሲቲ መረጥሽ?» ሲሏት ወረቀቱ ላይ ያለውን ታነበንባለች፤ ቀጥሎ ስለምትወስደው ኮርስ ስትጠየቅ ጸጥ ትላለች። ቅጹን ሌላ ሰው ቢሞላውም ፊርማው የአመልካቿ ነው፤ ስሕተቱም በእሷ ይቆጠራል። ከሰኔ 2017 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የተማሪ ቪዛ አመልካቾች የማኅበራዊ ሚዲያ ገጻቸውን ለሁሉም ክፍት እንዲያደርጉ ተጠይቀዋል። የተሸመደደው ታሪክና የፌስቡኩ ታሪክ ካልገጠሙ ችግር ነው።

እውነተኛው ማስረጃ ቤተሰቦች እንደሚፈሩት ደካማ አይደለም። ቨርጂኒያ ያለ አጎት ወጪውን በእውነት የሚሸፍን ከሆነ የደመወዙና የግብሩ ወረቀት ይቅረብ። የመርካቶ ሱቅ ካለ ንግድ ፈቃዱና የዓመታት የባንክ እንቅስቃሴው ይታይ። በየወሩ የሚገባ መጠነኛ ገንዘብ ምንጩ ይታወቃል፤ ባለፈው ሳምንት ድንገት የገባ 3 ሚሊዮን ግን «ከየት መጣ?» ያስብላል። መረጃም ቢሆን በገንዘብ መገዛት የለበትም፤ ኤጁኬሽን ዩኤስኤ የሚባለው የአሜሪካ መንግሥት የምክር አገልግሎት ያለ ክፍያ ያማክራል። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችንም የ12ኛ ክፍል ተማሪን ስለ ወጪና ስለ ስኮላርሺፕ በግልጽ ቢያነጋግሩ የኤጀንቱ ገበያ ይቀንስ ነበር።

ብድር ለመጠየቅ ስልክ ከማንሳታችሁ በፊት ከልጃችሁ ጋር ቁጭ ብላችሁ የአራቱንም ዓመት ወጪ ደምሩ። የሁለተኛው ዓመት ክፍያ ከየት እንደሚመጣ መልስ ካላችሁ ለቆንስሉ የምትሰጡትም መልስ እሱው ነው፤ ማንም ሊያስጠናችሁ አያስፈልግም። መልስ ከሌላችሁ ዘንድሮ ይቆይ። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ቅበላን ወደሚቀጥለው ወቅት ያሸጋግራሉ፤ የተሻለ ስኮላርሺፕ የሚሰጥ ሌላ ዩኒቨርሲቲ መፈለጊያ ጊዜም ይገኛል። በዘገየ ትምህርት የሚጠፋው አንድ ዓመት ነው፤ በተቋረጠ ትምህርት ግን የልጁ ዓመታትና የቤተሰቡ ጥሪት አብረው ይሄዳሉ።