ለጀሪፉ እንጨት ሠራተኛ፦ የዘገየ ምስጋና

ይድረስ ጀሪፍ ላይ በእንጨት ሥራ ለኖሩት ጋሼ፤

ቀኝ ትከሻዎን ይይዝዎት የነበረው ሕመም ተወዎት? ይህ ደብዳቤ ሊጻፍልዎ ይገባ የነበረው አባይ ዳር፣ ከእንጨት ክምርዎ አጠገብ ጠዋት ጠዋት በሚገኙበት ዘመን ነበር። ዛሬ የት እንዳሉ ስለማላውቅ በአደባባይ እጽፍልዎታለሁ። ስምዎን ግን አልጠራም። ይህን ምስጋና ከእርስዎ ጋር የሚካፈሉ ብዙ ናቸው፤ ከመተማ፣ ከቋራ፣ ከአርማጭሆ፣ ከሁመራ ተነሥተው ካርቱም የገቡና መጥረቢያና መጋዝ እንደያዙ ያረጁ ወገኖቻችን።

ጀሪፍን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ልንገር። ጀሪፍ ሁለት ናት፤ አባይ በመካከል ያልፋል። ምዕራቡ ጀሪፍ በካርቱም በኩል ነው፣ ምሥራቁ ደግሞ ማዶ። ጥንት የገበሬና የጡብ ሠሪ መንደሮች ነበሩ፤ ከተማዋ እየሰፋች መጥታ ዋጠቻቸው፤ መንደርነታቸው ግን አልጠፋም። ሰው በስም ይተዋወቃል፣ ሐዘንና ሠርጉ የጋራ ነው። እኛ ሐበሾች በብዛት የሰፈርነው በምዕራቡ ጀሪፍ ነበር። አብዛኞቻችን ግን አለፍንባት እንጂ አልኖርንባትም። ልባችን ሊቢያና ከባሕሩ ማዶ ነበር፣ ወይም ዓረብ አገር፣ ወይም የስደተኛ ቅጽ ተሞልቶ መልሱ የሚጠበቅበት ካናዳና አውስትራሊያ። እርስዎ ግን ኖሩባት። እኛ ማለፍ የቻልነው እርስዎ ስለቆዩ ነው። ዛሬ በየአህጉሩ የተበተነው የጀሪፍ ልጅ ሁሉ ይህን ቢክድ እኔ አልክድም።

የመጀመሪያው ዕዳዬ የእንጀራ ነው። ለአገሩ እንግዳ፣ ለቋንቋው ደንቆሮ ሳለሁ ዩሚያ በሚሉት የቀን ሥራ ያስገቡኝ እርስዎ ነዎት። ሥራው የከማይኑ ነበር፤ አባይን ተከትለው የተደረደሩት የጡብ መተኮሻዎች። ዳሚራ የሚሉት የሙላት ወራት አልፎ፣ በጥቅምትና በኅዳር ወንዙ ወደ ማደሪያው ሲመለስ፣ ዳርቻው ላይ ጥሎት የሄደው ደለል ይቆፈራል። ከከብት ፍግ ጋር ይቦካል፣ በእንጨት ቅርጽ እየተመታ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ሲደርቅ ይካባል፤ ከካቡ ሥር ክፍት መተላለፊያ ይተውለታል፤ እንጨቱ የሚገባው በዚያ ነው። ውጪው በጭቃ ከተለሰነ በኋላ እሳት ይለቀቅበታል፣ ቀንና ሌሊት ይነዳል። የካርቱም ቀይ ግንብ እንዲህ ነው የሚወለደው።

እንጨቱ ሱንት ነው፤ ከእኛ ግራር ወገን የሆነ፣ ውሃ ዳር የሚበቅል፣ ብርቱ እንጨት። ከላይ ከሴናርና ከሲንጃ በኩል በሎሪ ተጭኖ ይመጣል። ሎሪው ሲራገፍ እርስዎ ግንዱን አንድ በአንድ በመጥረቢያው ጀርባ እየመቱ፣ ድምፁን እየሰሙ፣ ርጥብና ደረቁን ይለያሉ። ርጥቡ ከገባ ጭሱ ይበዛል፣ ሙቀቱ መሐል ድረስ አይዘልቅም። መሐል የተካበው ጡብ ገርጥቶ፣ ጥሬውን ይወጣል፤ ዝናብ ሲያገኘው ይፈርሳል። የቸኮለ ባለ ከሚና፣ የመተኮሻው ባለቤት፣ ርጥቡንም ጨምር ሲልዎ «ይህ ጡብ የሰው ቤት ይሆናል» ብለው እምቢ ሲሉ ሰምቻለሁ። የዚያን ቀን ዩሚያዎ ቀረ። በጀሪፍ ጡብ ቤት የሠራ ሁሉ ግንበኛውን አመስግኗል፣ ለባለ ከሚናው ከፍሏል፤ እንጨቱን የመረጠውን ሰው ግን ማንም አላሰበውም። እኔ እነሆ ዛሬ አሰብኩዎት።

ከፍልጥ ወደ መጋዝ ያሻገሩኝም እርስዎ ነዎት። ከሰዓት በኋላ ከማይኑን ትተው እንጨትና የግንባታ ዕቃ ከሚሸጥበት መግለግ ፊት ለፊት ከጥላው ሥር ይቀመጡና በር፣ መስኮት፣ የአልጋ እግር ይሠራሉ። «ሱንት ከደረቀ የመጋዝ ጥርስ ይጨርሳል፤ ርጥብ ሳለ ቁረጠው፤ ከዚያ ጥላ ውስጥ አቆየው፣ ፀሐይ ላይ ከጣልከው ይሰነጠቅብሃል» አሉኝ። ከደቡብ የሚመጣው ማሆጋኒ ሲገኝ ደግሞ እጄን ይዘው በእንጨቱ ቃጫ አቅጣጫ እንድዳብሰው አደረጉኝ፤ መላጊያው ወዴት እንደሚሄድ መጀመሪያ ያስተማረኝ ያ ነው። ዛሬ አዲስ አበባ ላይ ልጆቼን የማሳድገው በዚህ ሙያ ነው። ደንበኞቼ የት ተማርክ ሲሉኝ ጀሪፍ እላለሁ። ብዙዎቹ የትምህርት ቤት ስም ይመስላቸዋል፤ አላርማቸውም፣ ለእኔ ነበረችና።

ያስተኙኝስ? መሬት ላይ ካርቶን አንጥፌ ስተኛ ያዩኝ ጊዜ ምንም አላሉም። በሳምንቱ አራት የሱንት እግር ጠርበው፣ መቃኑን ገጥመው፣ ገመዱን ጠልፈው አንገሬብ አቆሙልኝ። የሱዳን አንገሬብ የእኛ የጠፍር አልጋ ወንድም ነው። የካርቱም ሙቀት ቤት አያስተኛም፤ ሌሊት አልጋውን ደጅ አውጥቶ መተኛት የአገሩ ወግ ነው። እኔ ስሄድ ያ አንገሬብ ለሚቀጥለው መጪ ቀረ፤ ከእኔ በፊትም በእርስዎ እጅ የተጠረቡ ሌሎች ነበሩ። ስንቱ ስደተኛ የመጀመሪያ ሌሊቱን በእርስዎ እንጨት ላይ እንዳደረ እርስዎ እንኳ የሚያውቁት አይመስለኝም።

ቁርጥራጩንና ስንጥሩን አይሸጡትም ነበር። ለመንገድ ዳር ቡና አፍዪዎች፣ ለእነዚያ በየዛፉ ሥር በትንሽ በርጩማ ላይ ለሚውሉት እህቶቻችን፣ በማዳበሪያ ከረጢት እየሞሉ ያድሉታል። መብራት በጠፋ ሰሞን የእንጀራ ምጣድ የሚሰማው በእሱ ነበር። ጣልህ የሚሉት እንጨት ከተገኘ ደግሞ ለብቻው ያስቀምጡታል፤ የሱዳን እናቶች ለጭስ ይፈልጉታል፤ በእኛም አገር ወይባ የሚሞቁ ወጉን ያውቁታል። ያን ለጎረቤትዎ ለሐጃ ይሰጡ ነበር። ዋጋ አይጠይቁም፣ ምላሽም አይጠብቁም። ከሻ የሚሉት አፈሳ ሠፈሩን ሲያስስ ግን በራቸውን ከፍተው ጓዳቸው ያስገቡን እኒያ ሐጃ ናቸው። በዚያ ጓዳ ውስጥ ትንፋሻችንን ይዘን በተቀመጥንበት ሰዓት የጣልሁ ሽታ ግድግዳው ላይ ነበር። ያ ሽታ የእርስዎ ደግነት እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው። የተያዘውን ልጅ ለማስፈታትም ከእንጨት ገንዘብ ላይ ቆርጠው ይዘው የሚወጡት እርስዎ ነበሩ።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። ሱዳናውያን ጎረቤቶቻችን ሟቻቸውን በከፈን ጠቅልለው፣ በአንገሬብ ተሸክመው ወስደው ይቀብራሉ። በሠፈራችን የሬሳ ሣጥን የሚሠራ አልነበረም። የእኛ ሰው በወባ፣ በአደጋ፣ ወይም ምንነቱ ባልታወቀ ትኩሳት ሲሞት፣ ሌሊት የሚንኳኳው የእርስዎ በር ነበር። ለሰው በር የተገዛውን ጣውላ ያወጣሉ፤ ለባለቤቱ ነገ ሌላ ይፈልጉለታል። ፋኖስ ይዤ የቆምኩበትን ሌሊት አልረሳም። ሟቹ አንድ የጎጃም ልጅ ነበር፤ ከእኔ በዕድሜ ያንሳል። ቁመቱን የለካ ሰው መጥቶ በገመድ ላይ ቋጥሮ ሰጠዎት። የውጪውን ጨርሰው የሣጥኑን ውስጥ መላግ ሲጀምሩ፣ እኔ ሌሊቱ ስለገፋብን፣ ውስጡን ማን ያየዋል አልኩዎት። ቀና ሳይሉ «እናቱ ብትሠራው ይህን ትተወው ነበር?» አሉኝ።

ከመዋጮው አንዲት ጊኒ አልተቀበሉም፤ ለእናቱ ይላክ አሉ፤ ተላከ። ሃይማኖትም አይለዩም ነበር። የሞተው ሙስሊም ወገናችን ከሆነ አንገሬቡን ይዘው ከፊት ይቀድማሉ፣ መቃብር ድረስ ይሸከማሉ። ልጇ ባሕር ይሻገር ወይም በረሃ ይቅር ሳታውቅ ዓመታት የምትጠብቅ እናት በአገራችን ብዙ ናት። የእኒያ በጀሪፍ የሞቱ ልጆች እናቶች ቢያንስ ልጃቸው በክብር እንደተቀበረ ሰምተዋል። ይህን ዕዳ እኔ ብቻዬን አልከፍለውም፤ የአገር ዕዳ ነው።

አባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል እያልን አድገናል። የጀሪፍ ሽማግሌዎች ግን በልጅነታቸው በሙላት ከላይ የመጣ ግንድ ከወንዙ ጎትተው ያወጡ እንደነበር ሲያወሩልን፣ እርስዎ ወደ ውሃው እያዩ «እንግዲያው ማደሪያው እዚህ ነበራ» አሉ። ነገሩ እውነት ነው። ሴናር ላይ እ.ኤ.አ. በ1925፣ ሮዛሪስ ላይ ደግሞ በ1966 ግድብ ከመሠራቱ በፊት ከእኛ ተራሮች የተነቀለ ግንድ የሚያስቆመው አልነበረም። ከግንዱ የበለጠው ግን አፈሩ ነው። የጀሪፍ ጡብ የሚቦካበት ደለል ከጎጃም፣ ከጎንደር፣ ከወሎ ማሳ የታጠበ አፈር ነው። እኔ ባዕድ አገር የገባሁ መስሎኝ አንገቴን ደፍቼ ስሄድ፣ ከማይኑን እያሳዩ ይህን የነገሩኝ እርስዎ ነዎት። በአገሬ አፈር የተሠራ ከተማ ውስጥ እንዳለሁ ካወቅሁ ወዲህ ቀና ብዬ ሄድኩ። ለዚህም አመሰግንዎታለሁ።

በ2012 ዓ.ም. ክረምት ያው አባይ ካርቱም ላይ እ.ኤ.አ. በ1946ና በ1988 የታየውን ከፍታ አልፎ ሲሞላ፣ ሱዳንም የሦስት ወር የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ስታውጅ፣ ለሽያጭ የተከመረ ግንድዎን ለአፈር ከረጢቱ ድጋፍ ይሁን ብለው ለሠፈሩ ወጣቶች ለቀቁት። ዓመት ሙሉ ያጠራቀሙት ነበር። ማንም ይመልስልኛል ብለውም አልነበረም፤ የመለሰም የለም።

ደግሞ እውነቱን ነግረውኛል። ሎሪው የሚያራግፈው ግንድ ከዓመት ዓመት እየቀጠነ መምጣቱን አስቀድመው ያዩት እርስዎ ነዎት። «የምንበላውን እየጨረስን ነው» ይሉ ነበር። የሱንት ፍሬ ለቅመው በአባይ ዳርቻ ሲተክሉ የሚገርማቸው ሰዎች ነበሩ። እንጨት ፈላጭ ለምን ይተክላል ይሉ ነበር፤ ከፈላጭ በላይ ማን ይትከል? ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ታላቁ የሕዳሴ ግድባችን ሲመረቅ እርስዎን አሰብኩ። ደስ እንደሚልዎ አውቃለሁ። ከእንግዲህ አብዛኛው ደለል እዚያው ስለሚተኛ የጀሪፍ ጡብ ሠሪ በምን ሊያቦካ ነው ብለው እንደሚጨነቁም አውቃለሁ። ሁለቱንም በአንድ ልብ የሚይዝ ሰው ከእርስዎ ሌላ አላየሁም።

የጠፉብኝ ግን ከዚያ ቀደም ነው። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርና በፈጥኖ ደራሹ ኃይል መካከል ጦርነቱ ካርቱም ላይ ፈነዳ። እኔ ያኔ አገሬ ገብቻለሁ። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ስልክዎ አይጠራም። አንዱ ወደ ዋድ መዳኒ ሲሄዱ አየሁ አለኝ፤ መዳኒም በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ጦርነቱ ገባባት። ሌላው ገዳሪፍ ላይ እንጨት ገበያ ውስጥ አይቻቸዋለሁ አለ። በመተማ በኩል የገቡትን ጠይቄያለሁ፤ እርስዎን የሚያውቁ አገኘሁ፣ ያሉበትን የሚያውቅ ግን አላገኘሁም። ጦሩ ካርቱምን በመጋቢት 2017 ዓ.ም. መልሶ ከያዘ በኋላ ሰው እየተመለሰ ነው ይባላል። ወደ ጀሪፍ ተመልሰው ከሆነም አይደንቀኝም፤ የፈረሰ ቤት በር ይፈልጋልና።

አንባቢዬ፣ አንተም በጀሪፍ አልፈህ ይሆናል። ዛሬ ቶሮንቶ ሁን፣ ሜልበርን ሁን፣ ጎንደር ሁን፣ የተኛህበትን አንገሬብ የጠረበውን፣ ወንድምህን በሣጥን ያስቀበረልህን ሰው ታውቀዋለህ። እነዚህ ሰዎች አርጅተዋል፤ አብዛኞቹ መታወቂያም፣ ጡረታም፣ የሚጠራቸው ልጅም የላቸውም። ፈልገው። በመተማ፣ በገዳሪፍ፣ በገላባት የምታውቀውን ሰው ሁሉ ደውለህ ጠይቅ። ካገኘኸው ኪራዩን ክፈልለት፣ ትከሻውን አሳክመው። ስትፈልግ ደግሞ የእኔን ጋሼ ካገኘህ፣ ተማሪዎ አዲስ አበባ ላይ አንድ ክፍል አዘጋጅቶ ይጠብቅዎታል፣ መተማ ድረስ መጥቶ ይወስድዎታል በልልኝ።